ብርጭቆ ወረቀት በሁለት ቋንቋ

ክፍል ተሰጠኝ!

አንድን ነገር ደጋግሞ መጻፍ ነውር ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ዜና ግን አንዴ ተነግሮ አይበቃውም። ክፍል ተሰጠኝ። ለብቻዬ። በር ያለው፣ በሩም ከውስጥ የሚቀረቀር፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል። ዜናውን የሰማሁ ቀን ከሳሎን እስከ ጓሮ ሮጥኩ፣ ከጓሮ እስከ ሳሎን ተመለስኩ፣ ታናናሾቼን በየተራ ሳምኩ፤ ሁልጊዜ ሊነክሰኝ የሚያደባውን የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ልስመው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የጻፍኳት አንዲት ወግ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ተነበበች። ስለ ከተማችን ስለ መቱ ጭቃና ስለ ነጭ ካልሲ ነበረች። ተማሪው ሳቀ፤ ሳቁ በወጓ ይሁን በእኔ አላጣራሁም፣ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን አያጣራም። የአማርኛ መምህራችን ደግሞ አባዬን መንገድ ላይ፣ ያውም ሰው መሀል አግኝተው «ልጅዎ እኮ ጸሐፊ ናት» አሉት። አባዬ ሰው ፊት ሲመሰገን እጁ የሚፈታ ሰው ነው። ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ «ያቺ ተከራይ የለቀቃት የጓሮ ክፍል ለጸሐፊዋ ትሁን!» ብሎ አወጀ።

እስከዚያን ቀን የምጽፈው ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር። ቤተሰቡ ድራማ ያያል፣ እኔ ከሥር እጽፋለሁ። የእኔ ባለታሪክ ልታለቅስ ስትል ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ቀድማ ታለቅሳለች፤ ሁለት ለቅሶ ደግሞ አንድ ሳሎን አይበቃውም። አንዴማ ስለ ወንዝ የጻፍኩትን ሳነበው ወንዙ መሀል የሳሙና ማስታወቂያ ገብቶ አገኘሁት።

እማዬ ግን እንደ አባዬ በአንድ ምስጋና አትረታም።

«ግድግዳዋን አይታችሁታል?» አለች። «እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዶሮ እንኳን አላሳድርም። መጀመሪያ ይቀባ። እስከ እሁድ ካልተቀባች በቆሎ አስገባባታለሁ።»

«ራሷ ትቅባዋ!» አለ አባዬ። «ቀለም የሚገባት ልጅ አይደለች?»

ቀለም እንደሚገባኝ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። በእርግጥ የገባኝ ግን በዚያ ሳምንት ነው። በአፍንጫዬ ገባኝ፣ በጆሮዬ ገባኝ፣ ጥርሴ መሀል ሳይቀር ገባኝ። ቀለም የቆጠረ ሁሉ ቀለም መቀባት አይችልም፤ ይህን ከእኔ ውሰዱ።

ሥራውን እንደ ዘመኑ ሰው በስልክ ጀመርኩት። ቪዲዮው ላይ አንድ ፈረንጅ ነጭ በነጭ ለብሶ ግድግዳ ይቀባል፤ አንዲት ጠብታ አትነካውም። ነጭ ለብሶ ቀለም የሚቀባ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ውሸታም፤ እኔ ግን አመንኩት። እንግሊዝኛዬ እስከፈቀደልኝ ድረስ እንደተረዳሁት፣ ግድግዳ የሚያምረው በቀለሙ ሳይሆን በመሣሪያው ነው። ሰውየው መሣሪያውን አንድ በአንድ እያነሳ አሳየ። ተንከባላዩን፣ ብሩሹን፣ መፋቂያውን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ግድግዳ የሚፈተግበትን ሸካራ ወረቀት። ይህን ሸካራ ወረቀት የእኛ አገር አናጢና ቀለም ቀቢ «ብርጭቆ ወረቀት» ይለዋል። ስሙን ያዙልኝ፤ የመከራዬ ሁሉ እናት እሱ ነው።

ጋሼ ሸምሱ አስፋልቱ ዳር የሚስማርና የቀለም ሱቅ አላቸው።

«ሮለር አለዎት ጋሼ?»

«ለፀጉር ከሆነ ጎረቤት ጠይቂ።»

«ለግድግዳ ነው።»

«እ! ሩሎ በይዋ! ሮለር ስትይኝ ልትዳሪ መስሎኝ።»

ሁለት ዓይነት አወጡልኝ። አንዱ እንደ በግ ጠጉራም ነው። ሌላው ልሙጥ ስፖንጅ ነው፣ ያውም ሮዝ።

«የትኛው ይሻላል?»

«ሁለቱም ጥሩ ነው።»

«የሚበልጠውስ?»

«የምትወስጂው።»

ነጋዴን ምክር መጠየቅ ጅብን ስለ አህያ ጤንነት መጠየቅ ነው። ጠጉራሙ ለሸካራ ግድግዳ፣ ስፖንጁ ለልሙጥ ግድግዳ እንደሆነ ከቪዲዮው ተምሬያለሁ። የእኛ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሸካራ ብቻ ሳይሆን ጭዱ እንደ ጢም የወጣ ነው። ሁሉንም አውቃለሁ። ግን ሮዝ ነው! ሮዙን ወሰድኩ። ስለ ምርጫዬ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ከውሃ ሰማያዊ ቀለምና ከብሩሽ ጋር ሸክፌ ብርጭቆ ወረቀት ስጠይቅ ጋሼ ሸምሱ እጃቸውን አራገቡ። «አልቋል። ቅዳሜ ብቅ በይ፤ ወይም ሌላ ሱቅ አስጠይቂ።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ የድሮውን ተከራይ ጋዜጣ ስፍቅ ቆየሁ። ግድግዳውን ሙሉ ጋዜጣ ለጥፎበት ነው የሄደው። አንድ ጥሩ ቀለም ቀቢ በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን እኔ ቀናት ፈጀሁበት፤ መፋቁ ከብዶኝ ሳይሆን ማንበብ ይዞኝ። ዜናው ልክ ሊጥም ሲል «ወደ ገጽ አምስት ዞሯል» ይላል፤ ገጽ አምስት ደግሞ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል። በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ንባብ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ኤሱማ ወደ ከተማ ወጡ። ኤሱማ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው፣ እኔም ሌላ ስም አላውቅላቸውም። ከዳሪሙ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ «ጉዳይ አለኝ» ብቻ ነው መልሳቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ ጭቃ ይዘው ይመለሳሉ። አማርኛ ይሰማሉ፤ መናገሩን ግን ለቢሮ ጉዳይ ቆጥበው ነው የያዙት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየነረተው ነው። የእኛ አገር ዝናብ ሲይዝ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በአፉ አይደለም፣ በእጁ ነው። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ፤ በእጄ ጠቅሼ አልልክም ብዬ፣ በመስኮት ብቅ አልኩና በጠራ ኦሮምኛ ጮህኩ።

«ኤሱማ! ቡርጩቆ ወረቃ ናፍ ፊዳ!»

ብርጭቆን ቡርጩቆ አልኩ፣ ወረቀትን ወረቃ አልኩ፣ አምጡልኝን በአክብሮት ናፍ ፊዳ አልኩ። አንድ ቃል አልሳትኩም። በልቤ ለራሴ አጨበጨብኩ።

«ሜቃ?» አሉ ከዝናቡ ውስጥ። ስንት ማለታቸው ነው።

ሁለት እጄን እስከቻልኩት ዘረጋሁ። ብዙ!

ከሰዓት ላይ ተመለሱ። ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው ርሰው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ዣንጥላቸውን ግን ዘርግተዋል። ከዣንጥላው ሥር፣ ደረታቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ አንዲት ጠብታ ያልነካው፣ ከአገጫቸው አልፎ የሄደ የወረቀት ብርጭቆ ክምር ይዘዋል። ያ ሻይ ተጠጥቶበት የሚጣለው።

«ኤሱማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡርጩቆ ወረቃ ነዋ! አንድ ሱቅ አልበቃኝ ብሎ ከየሱቁ ለቅሜ ነው። ባለ አበባም ነበር፤ ለአንቺ ይሻላል ብዬ እሱን አመጣሁ።»

የሰዋስው መምህር ብሆን ይህን ለፈተና አወጣው ነበር። በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፤ ስለዚህ «ብርጭቆ ወረቀት» ሲባል ዕቃው ወረቀት ነው፣ ብርጭቆ የተፈጨበት የሚመስል ወረቀት። በኦሮምኛ ገላጩ ይከተላል፤ ስለዚህ «ቡርጩቆ ወረቃ» ሲባል ዕቃው ብርጭቆ ነው፣ ከወረቀት የተሠራ ብርጭቆ። እኔ ቃላቱን ተርጉሜ ወረፋቸውን ረሳሁ። ሁለት ቋንቋ አለኝ፣ በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ አንዱን እግሬን በሌላው ጠልፌ ወደቅሁ።

እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ እንደገና ጀመረች። ኤሱማ ግራ ተጋቡ። ግድግዳ መፈተጊያ ነበር የፈለግሁት ብዬ ሳስረዳቸው አንዱን ብርጭቆ አውጥተው ግድግዳው ላይ ፈተጉት፣ አዩት፣ ተጨማደደ። «ይሄስ አይፈትግም» አሉ በእውነተኛ ሐዘን።

ሌላ ብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ የሚወጣበት ሰዓት አልቀረም፤ በቆሎው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ግድግዳውን ፍሬው በተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፈተግሁት። ጠላቴን በገዛ አጥንቱ ተዋጋሁት ማለት ይቻላል። ጭዱ ግን ከተፈተገ በኋላ የባሰ ቆመ። ከዚያ ሮዙን ሩሎ ቀለም ነክሬ፣ ወደ ላይ እንዲደርስልኝ ከቡና መልቀሚያ መንጠቋችን ጫፍ ላይ አሰርኩት። በየጓሮው ቡና ስላለ ቅርንጫፍ መሳቢያ መንጠቆ የሌለበት ቤት የለም፤ መንጠቆ ግን ቅርንጫፍ መጎተት እንጂ ግድግዳ ማባበል አልተማረም። አንዴ ሳንከባልለው ሩሎው ተፈትቶ በመስኮት ወጣ። አንስቼ ደግሜ ሳስረው ጣሪያው ላይ ቀረ። በመጨረሻ አውርጄ በእጄ ይዤ ስገፋው ጭዱ ስፖንጁን እንደ ድመት ጥፍር ቧጨረው፤ ቀለሙ ወደ ክንዴ፣ የስፖንጁ ፍርፋሪ ወደ ግድግዳው። ማታ ላይ ክፍሉ ውሃ ሰማያዊ ሆነ፤ በየቦታው ግን ሮዝ ሮዝ ነጠብጣብ አለው፣ ኩፍኝ የያዘው ሰማይ ይመስላል። ለእኔ ግን ከዚያ የሚያምር ሰማይ አልነበረም። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ መሀሉ ላይ ቆምኩ። ማንም አልጠራኝም። የእኔ ነበር።

እሁድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳቦ በሰፌድ ይዘው ቆመዋል።

«እኔ ጎረቤት ሆኜ ከመንገድ ልስማ?» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ምኑን?» አለች እማዬ።

«ኤዲያ! ያን ሁሉ ብርጭቆ ወንድምሽ ታቅፎ ሲያልፍ አላየሁም? ለመድኃኒት ነው እንዳትዪኝ!»

ለካ ኤሱማ መንገዱን ሙሉ ተጠይቀዋል። የማይዋሹ ሰው ስለሆኑ ለጠየቃቸው ሁሉ እውነቱን ነግረዋል፦ «የእህቴ ልጅ ናት ያዘዘችኝ፤ ደስታ አላት።» መቱ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ደስታ ካላት፣ ከዚያም ብርጭቆ በገፍ ከተገዛ፣ ነገሩ አንድ ብቻ ነው። ከእትዬ አስካለ ኋላ ሰው መጣ። ከሰው ኋላ ሰው መጣ። ከቅዳሴ የወጣውም፣ ከቸርች የወጣውም፣ ከሁለቱም ያልወጣውም መጣ። ወጓ ተነበበች የተባለ ቀን ደጃችን የመጣ ሰው አልነበረም፤ ታጨች ሲባል ግቢው ሞላ።

«ማነው ልጁ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የቱ ልጅ?»

«የሚያገባት ነዋ!»

«ማንም አያገባትም። ክፍል ተሰጥቷት ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ለብቻዋ።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እማዬን ጠየቁ። «ምን ሆና?»

«ትጽፋለች።»

«ውይ!» ደረታቸውን ነካ አደረጉ። «አይዞሽ፣ በልጅነት ከሆነ ይለቃታል።»

የመጣን ሰው ዳቦውን ተቀብሎ ሂድ ማለት አይቻልም። ሻይ ተጣደ። ብርጭቆውማ ሞልቶ! ባለ አበባው በየእጁ ገባ። ሻይ የያዘ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠጣም፤ «እስቲ ክፍሏን እንያት» ተባለ። ተከታትለው ገቡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ምስጋና ለመቀበል ፊቴን አዘጋጅቻለሁ።

ቀለሙን ማንም አላየም። ባዶነቱን ግን ሁሉም አየ።

«ሰፊ ናት!» «አልጋ እዚህ ጋ።» «ይሄ ጥግ ለጆንያ ይሆናል።» አንድ ሰውዬ ግድግዳዬን ተደግፈው ሲጫወቱ ቆዩና የኮታቸውን ጀርባ ሰማያዊ አድርገው ወጡ። በመቱ ዝናብ ቀለም በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ቀለሜን ለብሰው የሄዱት ሰው እንኳ ቀለም መኖሩን አላወቁም።

ይሄኔ እትዬ አስካለ በወሬ መሀል ኤሱማን ጠየቁ። «ለልጅህ ቤት አገኘህላት?»

ኤሱማ አቀረቀሩ። ጉዳያቸው ይሄ ነበር። ልጃቸው ሌሊሴ አሥራ አንደኛ ክፍል መቱ ደርሷታል፤ የምታርፍበት ቤት ሲፈልጉ ነው ጭቃውን ሲያቦኩት የሰነበቱት። እኛን መጠየቅ ከብዷቸው፣ እትዬ አስካለን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ሲጠይቁ ከርመዋል።

«አላገኘሁም» አሉ። «ነገ ልመለስ ነው። ትምህርቷም እዚያው ላይ ያበቃል።»

«ምን ማለትህ ነው? ይቺን የመሰለች ባዶ ክፍል እህትህ ቤት እያለች?»

ግቢ ሙሉ ሰው ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ሰው ፊት እጁ የሚፈታ ሰው እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

«ትግባ!» አለ። «ክፍሏ የሌሊሴ ናት!»

ምርቃቱ ዘነበ። እማዬ እኔና ሌሊሴ አብረን ብንገባስ ስትል፣ «ሁለት ልጃገረድ አንድ ክፍል ከገባ ወሬ እንጂ ትምህርት የለም» ተባለ፤ ያለው ማን እንደሆነ ባውቅ ስሙን እዚህ እጽፈው ነበር። ጭራሽ አንዷ አቅፋ ሳመችኝ። «ለዘመዷ ብላ ግድግዳ የቀባች ልጅ! ተባረኪ!»

ኤሱማ ብቻ አልመረቁኝም። ሰው መሀል አልፈው ወደ እኔ መጡ። በአማርኛ ነው ያናገሩኝ፤ ለቢሮ ያስቀመጡትን አማርኛ ለእኔ አወጡት።

«ክፍሉ ያንቺ ነው። አንቺ እንቢ ካልሽ አላስገባትም። አባትሽንም እኔ እነግረዋለሁ።»

እንቢ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ባትሰሙኝ እመርጣለሁ፣ ግን ነበረች። የሌሊሴን ፊት ለመርሳት ሞከርኩ፤ አይቻት ስለማላውቅ ደግሞ የሚረሳ ፊት አጣሁ። ስለዚህ የእሳቸውን አየሁ።

«ትግባ» አለ አፌ። እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ሌሊሴ በሳምንቱ ገባች። በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ድምፁን ከሳሎን ሰማሁት። እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ተመለስኩ፤ ድራማው ሳልኖር ብዙም አልተለወጠም፣ ሴትየዋ አሁንም ታለቅሳለች። በዚያ ሰሞን ለሌሊሴ ከሰላምታ ሌላ አልሰጠኋትም። ሰላምታዬም ቢሆን ተመዝኖ የሚሰጥ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት መልስ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ በሩን ከፍታ ቆመች። ቀጭን ናት፤ ስታወራ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች።

«አንቺ ልጅ፣ ተጣልተሽኛል?»

«ኧረ በምን?»

«እንጃ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ብቻዬን ተኝቼ አላውቅም። እቤት ከእህቶቼ ጋር ተደርድረን ነው የምንተኛው። እዚህ ዝምታው ጆሮዬን ያመኛል።»

ያን ዝምታ አስቡት! ሮዝ ሩሎ የጨረስኩበት፣ በቆረቆንዳ መዳፌን የላጥኩበት ዝምታ! እሷን ጆሮዋን ያማታል!

«ካልፈለግሽው ስጪኝ» አልኳት፤ ቁጣዬን ልደብቅ አልሞከርኩም።

«ነይና ውሰጂያ» አለች፣ ጨው እንደምታበድር ጎረቤት። «ክፍል ሙሉ አለ። ስትጽፊ እኔ አጠናለሁ፤ ስትጨርሺ ታነቢልኛለሽ። ጓደኞችሽንም አምጪ፤ እዚህ የማውቀው ሰው የለኝም።»

መሳቅ ነበር ወይ ማልቀስ፤ ሁለቱንም ጀመርኩና አንዱንም አልጨረስኩም። በገዛ ክፍሌ በእንግድነት ተጠራሁ። ቢሆንም ጥሪ ጥሪ ነው፣ እንቢ አልልም፤ ይህንንም የምጽፈው እዚያው ቁጭ ብዬ ነው። እሷ ባዮሎጂ እያነበነበች ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ይሻላል።

መጀመሪያ ላይ ያወጅኩትን ደስታዬንም አልመልስም። ጓደኞችሽን አምጪ ብላለች፤ የእኔ ጓደኞች ደግሞ እናንተ ናችሁ። መቱ ያላችሁ፣ ከያዮም ከኖፓም ለትምህርት መጥታችሁ በሰው ቤት ጥግ የተቀመጣችሁ፣ እናንተም ቴሌቪዥን ሥር የምትጽፉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጓሮ በኩል ኑ። የጻፋችሁት ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ከሌለ ጆሯችሁን ይዛችሁ ኑ።

ስትደርሱ ግን ዝም ብላችሁ አትግቡ፤ አንኳኩ። እኔም አንኳኩቼ ነው የምገባው።